ሙቀት እንዴት ተለካ?
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በድንጋይና በኖራ ቤት ሲሠራ ቆሞ የተመለከተ ሰው የሚከተለውን ነገር ሳያይ አይቀርም። ግንበኞች በምድጃ የተቃጠለውን ኖራ ከጉድጓድ ከትተው ውኃ ባፈሰሱበት ጊዜ፣ ከሥሩ አንዲት ፍም እንኳ ሳትኖር ውኃው እየተንተከተከ ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ ጢስ ይትጎለጎላል፤ ሳይጠነቀቅ የቀረበውንም ሰው እጅ ይልጣል። እሳት በሌለበት ስፍራ ይህ ሁሉ ሙቀት ከወዴት መጣ? ብሎ መጠየቅ የጥንት ሰዎችም ያደረጉት ነው። «ልኩስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የዘገየ ጥያቄ ነው፤ ከተጀመረ ገና ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። እኛም ዛሬ የምንነግራችሁ የዚህን የሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንዲት ጀበና የፈላ ውኃና አንድ ጋን የፈላ ውኃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ቴርሞሜትር በሁለቱም ውስጥ ቢነከር አንድ ዓይነት ቁጥር ያሳያል። ነገር ግን ጀበናዋን ለማፍላት ጥቂት ከሰል ሲበቃ፣ ጋኑን ለማፍላት ሸክም እንጨት ያልቃል። እንግዲህ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን ስለ ሙቀቱ ሁሉንም ነገር አይደለም ማለት ነው። ቴርሞሜትር የሚያሳየውን «የሙቀት ደረጃ» እንበለው፤ ያ ሸክም እንጨት ለጋኑ የሰጠውን ደግሞ «የሙቀት ብዛት» እንበለው። ይህ ልዩነት ዛሬ ለተማሪ ሁሉ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ቴርሞሜትር ከተሠራ በኋላ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ታላላቅ ሊቃውንት ሳይቀሩ ሁለቱን እያደባለቁ ሲናገሩ ኖረዋል።

ሁለቱን በግልጽ የለየው ዮሴፍ ብላክ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ ነው። ብላክ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር በነበረበት በ1760ዎቹ መጀመሪያ፣ መልኩ እጅግ ተራ የሆነ አንድ ሙከራ አደረገ። ሁለት እኩል የሆኑ የብርጭቆ ዕቃዎችን በአንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አንጠለጠለ፤ በአንደኛው ውስጥ ለመርጋት ጥቂት የቀረው ቀዝቃዛ ውኃ፣ በሁለተኛው ውስጥ ያንኑ ያህል በረዶ ነበረበት። ውኃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ በፋረንሃይት አቆጣጠር ሰባት ዲግሪ ሞቀ። በረዶው ግን ቀልጦ ከዚያው ደረጃ እስኪደርስ ድረስ አሥር ሰዓት ተኩል ፈጀበት። አዳራሹ አንድ፣ አየሩም አንድ ነው፤ ወደ ሁለቱም ዕቃዎች በየግማሽ ሰዓቱ የሚገባው ሙቀት እኩል መሆን አለበት። አሥር ሰዓት ተኩል ማለት 21 ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው፤ 21 በ7 ሲባዛ 147 ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ የቀለጠው ውኃ የሞቀበት 8 ዲግሪ ብቻ ነው። የቀረው 139 ወዴት ሄደ? ብላክ መልሱን ሲሰጥ በረዶው ውኃ ለመሆን በልቶታል፤ በውስጡም ተሰውሯል አለ። «ስውር ሙቀት» የተባለውም ይህ ነው። ይህን ልክ ወደ ዛሬው የሴልሺየስ አቆጣጠር ብንመልሰው 77 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ዛሬ በረቀቀ መሣሪያ የሚገኘው 80 ገደማ ነው። በሁለት ብርጭቆና በአንድ ሰዓት መቁጠሪያ ለተሠራ ሥራ ይህ ምን ያህል የሚያስደንቅ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ብላክ ግን መጽሐፍ ለማሳተም የማይቸኩል ሰው ነበረ። ትምህርቱ በተማሪዎቹ ደብተር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ፣ እርሱ በ1799 ከሞተ በኋላ በ1803 ታተመ።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ ፓሪስ ይሻገራል። በ1782 መጨረሻና በ1783 መጀመሪያ በነበረው ክረምት፣ አንትዋን ላቩዋዚዬ የተባለው ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅና ፒዬር ሲሞን ላፕላስ የተባለው የሒሳብ ሊቅ አብረው አንድ መሣሪያ ሠሩ። አሳቡ በረዶ አንድን የተወሰነ ሙቀት ካልበላ አይቀልጥም ከሚለው እውነት የተነሣ ነው፤ እንግዲህ ከአንድ ነገር የወጣውን ሙቀት ለማወቅ ምን ያህል በረዶ እንዳቀለጠ መመዘን ይበቃል።

መሣሪያው በቆርቆሮ የተሠራ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሦስት ክፍል ያለው ዕቃ ነበረ። በመካከሉ የሽቦ ቅርጫት አለ፤ የሚመረመረው ነገር የሚቀመጠው በዚህ ነው። በዙሪያው ባለው ክፍል የተከሰከሰ በረዶ ይሞላል፤ ከዚህ በረዶ የሚቀልጠው ውኃ በታች በኩል በቧንቧ ወርዶ ይመዘናል። የሦስተኛው፣ የውጪው ክፍል ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ብልኅነት ያለበት ነው፤ እርሱም በበረዶ ይሞላል፤ ከክፍሉ አየር የሚመጣውን ሙቀት ይህ የውጪው በረዶ ተቀብሎ ስለሚያስቀረው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። እንደ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። ልብ በሉ፣ ይህ መሣሪያ ሙቀትን የሚለካ ሆኖ ሳለ ቴርሞሜትር አያሻውም፤ ሚዛን ብቻ ይበቃዋል።

ሁለቱ ሊቃውንት በዚህ ዕቃ ውስጥ ከሰል አቃጠሉ፤ የጋለ ብረት አስገቡ፤ ልዩ ልዩ ነገሮችን እየቀላቀሉ መዘኑ። ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን በቅርጫቱ ውስጥ ያኖሯት ጊኒ ፒግ የምትባል፣ አይጥ የምትመስል ጭራ አልባ እንስሳ ናት። እንስሳይቱ በአሥር ሰዓት ውስጥ ከሰውነቷ በወጣው ሙቀት 13 የፈረንሳይ አውንስ፣ ማለት 400 ግራም ያህል በረዶ አቀለጠች። በሌላ ሙከራ ደግሞ በዚያው ጊዜ ውስጥ የምትተነፍሰውን ካርቦን ዲዮክሳይድ ለኩ፤ ያንኑ ያህል ካርቦን ዲዮክሳይድ የሚሰጥ ከሰል ቢቃጠል ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥም አሰሉ፤ የተገኘው 10 አውንስ ከሲሶ በላይ ነበረ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይደሉም፤ ነገር ግን ተቀራራቢ ናቸው። ከዚህም የተነሣ መተንፈስ ማለት በዝግታ የሚደረግ መቃጠል ነው፤ ከሰሉ በምድጃ የሚያደርገውን ሰውነት ያለ ነበልባል ያደርገዋል ብለው ወሰኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ላቩዋዚዬና ላፕላስ 13ቱን ወደ 10 ዝቅ አድርገው፣ ወይም 10ሩን ወደ 13 ከፍ አድርገው ለመጻፍ ማንም አይከለክላቸውም ነበር፤ የሚያያቸውም አልነበረም። እነርሱ ግን ሁለቱንም ቁጥር እንዳገኙት አሳተሙ፤ ልዩነቱም ምናልባት የእንስሳይቱ እግሮች በሙከራው ጊዜ በመቀዝቀዛቸውና ከትንፋሿ እርጥበት የተነሣ ሊሆን እንደሚችል ጻፉ። በኋላ እንደ ታወቀው የበዛው ልዩነት የመጣው ከሌላ ምክንያት ነው፤ የእንስሳ ምግብ ካርቦን ብቻ ሳይሆን ሃይድሮጂንም ስላለበት፣ የእርሱ መቃጠል ውኃ እንጂ ካርቦን ዲዮክሳይድ ሳይሰጥ ሙቀት ይጨምራል። ቁጥሩ ተስተካክሎ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ምክንያት የሚፈልግ ሰው ባልተገኘም ነበር።

የበረዶው መሣሪያ ነቀፋ አልጠፋለትም። እንግሊዛዊው የሸክላ ሥራ ባለቤት ጆሳያ ዌጅውድ ወዲያውኑ እንደ ተቃወመው፣ የቀለጠው ውኃ ሁሉ በቧንቧው አይወርድም፤ ከፊሉ በተከሰከሰው በረዶ መካከል እንደ ስፖንጅ ተይዞ ይቀራል። በሞቃት ወራትም ቢሆን አይሠራም። ሆኖም ስሙ ጸንቶ ቀረ፤ ላቩዋዚዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ መሣሪያውን «ካሎሪሜትር» ብሎ ሰየመው፤ የላቲንን ቃል ከግሪክ ቃል ጋር በማጣመሩም አንባቢውን ይቅርታ ጠየቀ። በዚያው መጽሐፍ ሙቀትን እንደ ኦክሲጂን ሁሉ ከንጥረ ነገሮች መካከል ቆጥሮ «ካሎሪክ» ብሎ ጻፈው፤ ሙቀት ክብደት የሌለው ፈሳሽ ነገር ነው ብሎ ያምን ነበርና። ይህ ስሕተት ነው። ነገር ግን የመሣሪያው አሠራር በዚህ እምነት ላይ አልተደገፈም፤ ሙቀት ፈሳሽ ቢሆንም እንቅስቃሴ ቢሆንም የቀለጠው በረዶ ያው ነው።

ላቩዋዚዬ የመንግሥትን ግብር በኮንትራት በሚሰበስበው ማኅበር ውስጥ ባለድርሻ ስለ ነበረ፣ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ከባልደረቦቹ ጋር ተከሶ ግንቦት ወር በገባ በስምንተኛው ቀን 1794 አንገቱን ተቆረጠ። ዕድሜው ገና 50 ነበር። የሚያስገርመው ነገር፣ ባለቤቱ በ1804 ያገባችው ሁለተኛ ባል ራምፎርድ የተባለውን ሰው መሆኑ ነው፤ ይህ ሰው በ1798 በሙኒክ የመድፍ አፈሙዝ ሲሰረሰር የሚወጣው ሙቀት ውኃ በሁለት ሰዓት ተኩል እንደሚያፈላ አሳይቶ፣ ሙቀት ፈሳሽ ነገር ሳይሆን እንቅስቃሴ ነው ብሎ የተከራከረ ነው። የመጀመሪያውን ባል ትምህርት ሁለተኛው ባል አፈረሰው ማለት ነው። ጋብቻውም አልሰመረም።

አሁን ደግሞ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዤርማን አንሪ ሄስ በ1802 በጄኔቭ ከተማ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ፣ ሠዓሊ የነበረው አባቱ ወደ ሩስያ ስለ ሄደ በዚያው አገር አደገ። ሕክምና ተምሮ በ1825 ተመረቀና በሳይቤሪያ በምትገኘው በኢርኩትስክ ከተማ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በመጨረሻ በፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ ገብቶ ለሩስያ ተማሪዎች በሩስያ ቋንቋ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ጻፈላቸው። የሄስ መሣሪያ በውኃ የሚሠራ ተራ ካሎሪሜትር ነበረ፤ ሁለት ነገሮች በተቀላቀሉ ጊዜ የሚወጣው ሙቀት አንድን የታወቀ ክብደት ያለው ውኃ ስንት ዲግሪ እንዳሞቀ ማየት ነው።

ሄስ ሰልፈሪክ አሲድን ወሰደ። ይህ አሲድ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ በብርቱ ይሞቃል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲደባለቅም ይሞቃል። አሲዱን በመጀመሪያ በጥቂት ውኃ አቅጥኖ ሙቀቱን ለካ፤ ቀጥሎም በአሞኒያ አጠፋውና ሙቀቱን ለካ። ደግሞ በብዙ ውኃ አቅጥኖ እንዲሁ አደረገ። በማቅጠኑ ጊዜ ብዙ ሙቀት ከወጣ በአሞኒያው ጊዜ ያነሰ ይወጣል፤ በማቅጠኑ ጥቂት ከወጣ በአሞኒያው ይበዛል፤ ድምሩ ግን በሁሉም ጊዜ አንድ ነው። በ1840 ያሳተመውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሕግ ይህ ነው፤ መነሻውና መድረሻው አንድ ከሆነ መንገዱ ቢለያይም የሚወጣው ሙቀት ድምር አይለወጥም። ከአዲስ አበባ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው በጠመዝማዛው መንገድ ቢሄድ ወይም ገደሉን ቀጥ ብሎ ቢወጣ፣ የወጣው ከፍታ ያው ነው፤ ይህም እንደዚሁ ነው።

የዚህ ሕግ ጥቅም ለሊቃውንት ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አሥራ ሁለት ግራም ንጹሕ ካርቦን በበቂ አየር ተቃጥሎ ካርቦን ዲዮክሳይድ ሲሆን 394 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። አየር ያነሰው እንደ ሆነ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይሰጣል። ከሰልን ወደዚህ ጋዝ ብቻ እንዲቃጠል አድርጎ ሙቀቱን በካሎሪሜትር መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ሁልጊዜ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይወጣልና። በሄስ ሕግ ግን መንገዱ ቀላል ነው፤ ከዚያው ካርቦን የተገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ ለብቻው ሲቃጠል 283 ኪሎ ጁል እንደሚሰጥ ተለክቷል፤ 283ን ከ394 ብንቀንስ 111 ይቀራል። እንግዲህ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ አየር አንሶት የሚነደው የምድጃ ከሰል ወደዚህ ጋዝ የተለወጠው ያህሉ፣ ሊሰጥ ከሚገባው ሙቀት ከሲሶ በታች ይሰጣል፤ የቀረውን በጋዙ ውስጥ ይዞት ይወጣል፤ ያም ጋዝ ሽታ የሌለው መርዝ ነው። በብርድ ሌሊት ከሰል አግብተው በራቸውን ዘግተው የተኙ ቤተ ሰቦች በማለዳ ሞተው የሚገኙት በዚህ ጋዝ ነው። ይህን አንቀጽ የምታነቡ ሁሉ ለጎረቤታችሁ ብትነግሩልኝ፣ ከቀረው ጽሑፍ ይልቅ ደስ ይለኛል።

ሄስ በ1850 ገና በ48 ዓመቱ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ሁለት ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙቀት ሲለኩ ኖሩ፤ አንዱ በኮፐንሃገን ዩሊዩስ ቶምሰን፣ ሁለተኛው በፓሪስ ማርስላን ቤርትሎ ነው። ቤርትሎ በ1881 «ቦምብ» የተባለውን ካሎሪሜትር አወጣ፤ ይህም ወፍራም የብረት ዕቃ ነው፤ የሚቃጠለው ነገር ከታመቀ ኦክሲጂን ጋር ተዘግቶበት ውኃ ውስጥ ይነከርና በኤሌክትሪክ ሽቦ ይለኮሳል፤ ከዚያም ውኃው ምን ያህል እንደ ሞቀ ይታያል። የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ፣ የእህልና የቅቤ ሙቀት ሰጪነት በትክክል የታወቀው በዚህ ዓይነት ዕቃ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቤርትሎ ፖለቲከኛም ስለ ነበረ፣ የዐድዋ ጦርነት በተደረገ ጊዜ የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እርሱ ነበረ።

ቶምሰንና ቤርትሎ በቀዳሚነት ጉዳይ ተጣልተዋል፤ ሁለቱንም ያሳሳታቸው አሳብ ግን አንድ ነው። የሚወጣው ሙቀት የሁለት ነገሮች ፍቅር መለኪያ ነው፤ ነገሮች በራሳቸው የሚዋሐዱት ብዙ ሙቀት ወደሚወጣበት በኩል ነው ብለው ያስቡ ነበር። ይህ እንዳልሆነ ግን ማናቸውም ገበሬ ሊያሳየው ይችላል፤ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ በውኃ ውስጥ ቢጨመር ማንም ሳያስገድደው ይሟሟል፤ ውኃውም መሞቅ ቀርቶ ይቀዘቅዛል። ቁጥሮቻቸው ግን የተሳሳተው አሳባቸው ከወደቀ በኋላም ጸንተው ቆመዋል።

ወደ መነሻችን ወደ ኖራው እንመለስ። አንድ ኪሎ ንጹሕ የተቃጠለ ኖራ ውኃ ሲጠጣ 1,150 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። አንድ ሊትር ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከ17 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ 75 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ሒሳቡን ብትሠሩት፣ ሙቀቱ በከንቱ ካልባከነ በቀር፣ ያ አንድ ኪሎ ኖራ ሦስት ሊትር ተኩል ውኃ ከሙላቱ ለማፍላት ይበቃል።

እኔ ራሴ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያደረግሁትን ካሎሪሜትርም ልንገራችሁ። ዛሬ በብዙ ስፍራ ሁለት የስታይሮፎም ኩባያ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርጎ መሥራት የተለመደ ነው፤ በእኛ ክፍል ግን የነበረው ቅብ ያለው የብረት ኩባያ ነበረ፤ እርሱንም ጭድ በሞላው የካርቶን ሣጥን ውስጥ አስቀምጠን ክዳኑን ቀድደን ቴርሞሜትር ሰካንበት። አምሳ ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ያንኑ ያህል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ እያንዳንዳቸው በሊትር አንድ ሞል ያላቸው፣ ቀላቀልን። ከ18 ዲግሪ ተነሥቶ 24 ላይ ቆመ። መቶ ግራም በ4.18፣ በ6 ቢባዛ 2,508 ጁል ነው፤ ይህን ወደ አንድ ሞል ብንመልሰው 50 ኪሎ ጁል ይሆናል። መጽሐፉ ግን የሚለው 57 ገደማ ነበር። እኔም ሳላፍር በደብተሬ 57 ብዬ ጻፍሁ።

አስተማሪያችን ደብተሬን አይተው፣ «ቴርሞሜትርህ ያለው 24 ነው፤ ይህን ከወዴት አመጣኸው?» አሉኝ። ዝም አልሁ። ቁጥሩን ሰርዘው 50 አስጻፉኝና፣ «በል አሁን የጎደለውን ፈልገው፤ ኩባያውን መዝነኸዋል?» አሉኝ። አልመዘንሁትም ነበር። ኩባያው 100 ግራም ሆኖ ተገኘ። ብረት አንዱ ግራም በአንድ ዲግሪ ለመሞቅ 0.45 ጁል ያህል ይበላል፤ ኩባያውም ከውኃው ጋር 6 ዲግሪ ስለ ሞቀ 270 ጁል ወስዷል። ይህ ሲደመር 2,778 ይሆናል፤ በሞል 55 ኪሎ ጁል ተኩል ማለት ነው። የቀረው ጥቂቱ በክዳኑ ቀዳዳ ሄዶ ይሆናል፤ ወይም በጭዱ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። አስተማሪያችንም 55 ተኩሉን በቀይ ቀለም ሳይነኩ፣ ከጎኑ «ክዳኑን አጥብቅና ድገመው» ብለው ጻፉበት።